ማስታወቂያው ተከለከለ፤ ባንኮኒውን ግን ማን ይጠብቀዋል?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ሲያጸድቅ ቢራ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወጣ። በዜናና በድራማ መካከል ይሰማ የነበረው የጠርሙስ መክፈቻ ድምፅ ጠፋ። ያው አዋጅ ሌላም ነገር ደንግጓል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። የመጀመሪያው ድንጋጌ በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈጸመ። ሁለተኛውስ? ደሴ ቧንቧ ውሃ ላይ ወይም ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ፣ ቢራ ሊገዛ ገብቶ መታወቂያ የተጠየቀ ወጣት ካለ እጁን ያውጣ።

ልዩነቱ ከየት መጣ? የመጀመሪያውን ለማስፈጸም አዲስ አበባ ተቀምጦ ለጥቂት ጣቢያዎች ደብዳቤ መጻፍ ይበቃል። ሁለተኛውን ለማስፈጸም በየሰፈሩ፣ በየግሮሰሪው፣ በየድራፍት ቤቱ በር መቆም ያስፈልጋል። መንግሥት ቀላሉን ሠራና ከባዱን በወረቀት ላይ ትቶት ሄደ። ዛሬ በኢትዮጵያ አልኮል በፋብሪካ በር ላይ በሊትር ይቆጠራል፣ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ይከለከላል፣ በሚሸጥበት ባንኮኒ ላይ ግን ባለቤት የለውም። የዚህን ቸልተኝነት ዋጋ የሚከፍለው አዋጁን ያረቀቀው ሰው አይደለም። የሚከፍለው ከመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ነው።

ሦስት ቁልፎች ነበሩ፤ የዞሩት ሁለቱ ናቸው

የዓለም ጤና ድርጅት ከአልኮል የሚመጣውን ጉዳት መቀነስ ለሚፈልጉ አገሮች በቅድሚያ የሚመክረው ሦስት ነገር ነው፤ ዋጋውን በግብር ከፍ ማድረግ፣ ማስታወቂያውን መገደብ፣ የትና መቼ እንደሚሸጥ መወሰን። ሦስቱ እንደ አንድ በር ሦስት ቁልፎች ናቸው። ሁለቱን አዙሮ ሦስተኛውን መተው በሩን ክፍት መተው ነው።

ኢትዮጵያ ማስታወቂያውን በ2011 ዘጋች። ቀጥሎ በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መጣ። ይህ አዋጅ ሲወጣ ከቢራ ላይ የዋጋውን 40 በመቶ ወይም በሊትር 11 ብር፣ ከሁለቱ የበለጠው እንዲከፈል አዘዘ፤ ከጥሬ ዕቃው ቢያንስ 75 በመቶውን ከአገር ውስጥ ለሚጠቀም አምራች ደግሞ 35 በመቶ ወይም 9 ብር አደረገው። ሁለቱም ውሳኔዎች ትክክል ነበሩ፤ ሊመሰገኑም ይገባል። ሦስተኛው ቁልፍ፣ ማለትም የሽያጭ ቦታው፣ ሰዓቱና ሻጩ፣ ከዕድሜ ገደቡ መስመር አልፎ ማን፣ በምን መሣሪያ፣ በምን ድግግሞሽ እንደሚቆጣጠረው ሳይወሰን ቀረ።

ይህ ለምን ሆነ ቢባል መልሱ ገንዘብ ነው። ኤክሳይስ ገቢ ያመጣል፤ ስለዚህ ሰብሳቢ አለው። የማስታወቂያ ክልከላ ወጪ አይጠይቅም፤ ስለዚህ አስፈጻሚ አላጣም። የችርቻሮ ቁጥጥር ግን ሰው፣ ነዳጅና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በመጨረሻም ለግምጃ ቤቱ የሚያስገባው ብር ጥቂት ነው። እናም ማንም አልፈለገውም።

ጫማ ቤትና አረቄ ቤት በአንድ ዓይን

በአንዲት ከተማ ሰው ግሮሰሪ ሊከፍት ሲነሣ የሚጠየቀው ምንድን ነው? የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል፣ የንግድ ዘርፍ መለያ። ጫማ ሊሸጥ የሚመጣውም ይኸንኑ ይጠየቃል። ፈቃዱ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ይታደሳል፤ በእድሳቱ መስኮት ላይ የሚሰማው ዋና ጥያቄም «ግብር ተከፍሏል ወይ?» የሚል ነው። «በስንት ሰዓት ይዘጋል? በሩ ላይ ስንት ጊዜ ጠብ ተነሥቷል? ጎረቤቱ ምን ይላል? ለታዳጊ ሲሸጥ ተይዞ ያውቃል?» የሚል ጥያቄ የሚቀርብለት ነጋዴ የለም።

ጫማ የገዛ ሰው በእኩለ ሌሊት የሰው በር አይደበድብም። ጫማ የገዛ ሹፌር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ መሪ አይስትም። የጫማ ቤት ደንበኛ የሚስቱን የአስቤዛ ብር ባንኮኒ ላይ ቆጥሮ አይወጣም። ሁለቱን ንግዶች በአንድ ዓይን የሚያይ ፈቃድ ስሙ ፈቃድ ነው እንጂ ተግባሩ ደረሰኝ ነው፤ ተከፍሎበታል ከማለት በቀር የሚናገረው ነገር የለም።

ደሴን የሚያውቅ ደግሞ የዚህን ክብደት ያውቃል። ከተማዋ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተጣብቃ የተሠራች ናት፤ ሜዳ የላትም። ትምህርት ቤቱ፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መኖሪያውና መጠጥ ቤቱ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ይኖራሉ። አንድ ድምፅ ማጉያ ወደ መንገድ ከዞረ ዳገቱ ሁሉ ይሰማዋል። ኮምቦልቻ በአንጻሩ ሜዳ ላይ ናት፤ ፋብሪካ አላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ የደመወዝ ቀን የሚጠብቅ ወጣት ሠራተኛ አላት። የሁለቱ ከተሞች ችግር የተለያየ ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ የርቀት ቁጥር ተቆርጦ ቢላክ፣ ለኮምቦልቻ የሚሰፋው ለደሴ ይጠባል፤ ደሴ ላይ አንድ ግሮሰሪ ሳያስቀር ሊዘጋ ይችላል። ሦስተኛው ቁልፍ በከተማዋ እጅ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

አከፋፋዩ ሁሉንም ያውቃል

«ስንት ሺሕ መጠጥ ቤት ማን ይቆጣጠራል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ከባድ ይመስላል። የቢራን ጉዞ ከፋብሪካ እስከ ጠረጴዛ የተከተለ ግን ጥያቄው ራሱ መልሱን ይዞ እንደሚዞር ያያል።

ቢራ ከፋብሪካ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ግሮሰሪ አይሄድም። ፋብሪካው ለወኪል አከፋፋይ ይሸጣል፤ አከፋፋዩ መኪናውን ጭኖ በየመንገዱ ያወርዳል። ሲያወርድ ደግሞ ባዶውን ይቆጥራል፤ ባዶ ሳጥንና ጠርሙስ ያልመለሰ፣ ወይም መያዣ ያላስያዘ፣ ሙሉውን አያገኝም። ስለዚህ አከፋፋዩ የትኛው ቤት በሳምንት ስንት ሳጥን እንደሚያወርድ፣ የትኛው አዲስ እንደተከፈተ፣ የትኛው በዓል ሲመጣ እጥፍ እንደሚያዝ ከማንም በላይ ያውቃል። ከማስታወቂያ ክልከላው በኋላ ቢራ ፋብሪካዎች ስማቸውን የሚያኖሩባቸው ጥላ፣ ወንበር፣ ፍሪጅና የድራፍት ማሽንም የሚደርሱት በዚሁ ሰንሰለት ነው። ፋብሪካው ፍሪጁን የት እንዳስቀመጠ መዝግቦ ይይዛል። መንግሥት ግን ፍሪጁ ያለበት ቤት አልኮል ለመሸጥ የተገባው መሆን አለመሆኑን አያጣራም።

እንግዲህ ቁጥጥሩ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። በየበሩ መቶ ተቆጣጣሪ ከማሰማራት ይልቅ ለአከፋፋዩ አንድ ግዴታ ይሰጠው፤ የአልኮል መሸጫ ፈቃድ ለሌለው ቤት አንድም ሳጥን አያውርድ። አውርዶ ከተገኘ የመጀመሪያው ቅጣት የእሱ ይሁን፤ የግሮሰሪው ቅጣት ከእሱ በኋላ ይምጣ። አከፋፋዩ ጥቂት ነው፣ አድራሻው ይታወቃል፣ መኪናው ታርጋ አለው፣ የሚያጣው ነገር ብዙ ነው። ችርቻሮውን ሁሉ ማሳደድ ወንፊት ላይ ውሃ ማቆር ነው፤ ጅምላውን መያዝ ግን ቧንቧውን ከቆጣሪው ላይ መቆጣጠር ነው።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካኖች ለ13 ዓመታት አልኮልን በሕገ መንግሥት ከልክለው፣ ክልከላው ለወንበዴ ሲሳይ ሆኖ ሲከሽፍ፣ በ1933 እ.ኤ.አ. ሲያነሡት ገበያውን እንዲሁ አልለቀቁትም። አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች አምራቹ፣ አከፋፋዩና ቸርቻሪው የተለያዩ ባለፈቃዶች እንዲሆኑ አደረጉ፤ አንዱ የሌላውን ባንኮኒ እንዳይገዛ አጠሩት። ስዊድን ከዚያ አልፋ የጠንካራ መጠጥ ችርቻሮን ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ የመንግሥት ኩባንያ እጅ አድርጋለች፤ ሱቁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል፣ እሑድ አይከፈትም። ኢትዮጵያ ስዊድን ትሁን የሚል የለም። ነገር ግን ሀብታሞቹም አገሮች አልኮልን እንደ ጫማ አልተዉትም።

ጊዜውም ያስገድዳል። መንግሥት በ2003 ዓ.ም. የሐረርንና የበደሌን ቢራ ፋብሪካዎች ለሄኒከን፣ በ2004 ዓ.ም. ሜታ አቦን ለዲያጆ ሸጧል። ኮምቦልቻ ላይ ያለው የቢራ ፋብሪካም የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን ንብረት የሆነው የቢጂአይ ነው። አምራቹ የውጭ ካፒታል ከሆነ ቆይቷል። በ2016 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ቁጥር 1001/2016 ደግሞ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የኖረው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ። ነገ አምራቹም፣ አከፋፋዩም፣ ባለባንኮኒውም አንድ ትልቅ ኩባንያ ሊሆን ይችላል። የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር ያን ቀን «በዚህ ሰፈር በዚህ ሰዓት አይሸጥም» ለማለት የሚጠቅሰው አንቀጽ ከሌለው ምን ይላል?

ዘመቻ ሥርዓት አይሆንም

አንዳንዱ «ኧረ ቁጥጥርማ አለ፣ በየጊዜው እርምጃ ይወሰዳል» ይላል። እውነት ነው፣ እርምጃ ይወሰዳል። በዓል ሲቃረብ፣ አንድ ወጣት በስለት ተወግቶ ሰፈሩ ሲያለቅስ፣ ወይም ከላይ ተቆጪ ሲመጣ ግብረ ኃይል ይቋቋማል። ቤቶች ይታሸጋሉ፣ ሺሻና ጠርሙስ ተደርድሮ ፎቶ ይነሣል፣ መግለጫ ይወጣል። በሁለተኛው ሳምንት እሽጉ ይላቀቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው።

የዘመቻ ትልቁ ጥፋት መዘግየቱ ብቻ አይደለም፤ የሚወድቅበትን ሰው መምረጡ ነው። ግብረ ኃይል ሲወጣ በቀላሉ የሚገኘው ማን ነው? ደጃፏ ላይ ጣሳ ደፍታ ጠላ የምትሸጠው እናት፣ ልጆቿን በመለኪያ አረቄ የምታሳድገው ባሏ የሞተባት ሴት። ጋኗ ይሰበራል፣ አረቄዋ ይደፋል። ከእሷ ቤት 50 ሜትር ርቆ ሙዚቃውን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የሚያስጮኸው ቤት ግን የንግድ ፈቃድ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል፤ «ሕጋዊ ነኝ» ይላል፤ ሕጋዊም ነው። ሰዓት የማይጽፍ፣ ርቀት የማይጽፍ፣ ኃላፊ ሰው የማይጠራ ወረቀት ይዞ ሕገወጥ መሆን እንዴት ይቻላል? ድሀዋ ወረቀት ስለሌላት ትቀጣለች፤ ባለጸጋው ወረቀቱ ባዶ ስለሆነ ይድናል።

የመንግሥት እጅ ንጹሕ ነው እንዳይባልም ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ አለ። ይህ ፋብሪካ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በመንግሥት ባለቤትነት ጂንና ኡዞ ሲጠምቅ ኖሯል። መንግሥት ራሱ አረቄ ሸጦ ትርፍ እያስገባ፣ የጓሮ አረቄ የምታወጣዋን ሴት እንስራ ሲሰብር የሚሰጠው የሥነ ምግባር ትምህርት ጆሮ አይገባም። ለእሷ የሚገባት ምዝገባና ምክር ነው፤ ምን ዓይነት ዕቃ ትጠቀም፣ የመጀመሪያውን ጠብታ ለምን መድፋት እንዳለባት፣ ለማን መሸጥ እንደሌለባት። ፋብሪካ የሚጠየቀውን ግብር ከእሷ መጠየቅ ከገበያ ማስወጣት ነው፤ ጭራሽ አለማየት ደግሞ ደንበኛዋን ለአደጋ መተው ነው። በመካከል ለእሷ የሚሆን ዝቅ ያለ የፈቃድ ደረጃ ማበጀት ይቻላል።

«ጭራሽ ይከልከል» ለሚሉት

በወሎ ምድር ይህ ድምፅ ቀላል አይደለም። ለሚሊዮኖች አልኮል ሐራም ነው፤ በክርስቲያኑም ወገን ስካርን የሚኮንን አባት ብዙ ነው። ድምፁ ከሕመም የሚወጣ ስለሆነ ሊከበር ይገባል። እንደ ሕግ ሲመዘን ግን የተሞከረ ነው፤ የደረሰበትም ይታወቃል። የህንዷ ቢሃር ክፍለ ግዛት በ2016 እ.ኤ.አ. አልኮልን ሙሉ በሙሉ ከለከለች። መጠጡ አልጠፋም፤ ወደ ጨለማ ገባ። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ሳራን በተባለው አውራጃ በተመረዘ የድብቅ አረቄ ከ70 በላይ ሰዎች አለቁ። የሞቱት ድሆች ነበሩ፤ ሀብታሙ ንጹሑን ጠርሙስ በድብቅም ቢሆን ያገኛል።

ኢትዮጵያም የራሷ ትንሽ ልምድ አላት። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ባገዳቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ የአልኮል መጠጦች ነበሩበት፤ እገዳው የተነሣው በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ነው። በእነዚያ ጊዜያት ዊስኪ ከመደርደሪያ ጠፋ? አልጠፋም፤ ዋጋው ናረ፣ ምንጩ ተደበቀ። ከጂቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው መንገድ የኮንትሮባንድን ታሪክ ከማንም በላይ ያውቃል። ክልከላ መጠጡን ከቀረጥና ከቁጥጥር ነጻ ያወጣዋል እንጂ ከሰው ጉሮሮ አያስቀረውም።

ወሎ ደግሞ ከክልከላም ከልቅነትም የተሻለ ነገር አሳይቷል። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል፤ ስሙም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ሳይጠያየፉ በአንድ ጣራ ሥር የሚስተናገዱበት ስለነበር ነው ሲባል ኖሯል። ዛሬም በወሎ ሠርግ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፤ ለአንዱ ጠላ ሲቀዳ ለሌላው ቀሪቦ ይቀርባል። ማንም የማንንም መጠጥ አያፈስም፤ ማንም በማንም ፊት አይደነፋም። መጠጡ ቦታ አለው፣ ሰዓት አለው፣ የሚቀዳው ሰው አለው፤ ታዳጊ ልጅ ጽዋ ሲያነሣ ካዩት ቆጪ አዛውንት አሉ። ይህ የማኅበረሰብ ቁጥጥር ነው። በሠርግ ቤት ያለው ሥርዓት በግሮሰሪ በር ላይ ሲደርስ የሚጠፋው የሠርጉ ባለቤት ስለሚታወቅና የግሮሰሪው ኃላፊ ስለማይጠየቅ ነው።

«አዲስ ፈቃድ አዲስ የጉቦ በር ነው» ለሚሉት

ይህ ከሁሉም ክርክሮች የጠነከረው ነው። ነጋዴው ቀድሞውኑ ስንት ቢሮ ይመላለሳል፤ አንድ ወረቀት ሲጨመር አንድ እጅ ይዘረጋል። ስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን ዛሬ ጉቦ የሚበላው በምን ላይ ነው? ባልተጻፈ ሕግ ላይ ነው። የመዝጊያ ሰዓት በግልጽ ካልተጻፈ የመጣው ሁሉ «አመሸህ» ሊል ይችላል። ርቀቱ ካልተወሰነ «ለትምህርት ቤት ትቀርባለህ» የሚለው ቃል ራሱ መደራደሪያ ነው። የተጻፈ፣ በር ላይ የተለጠፈ፣ ጎረቤት የሚያነበው ሕግ ግን ለተቆጣጣሪው ብዙ ቦታ አይሰጠውም። ሰዓቱ 4 ከሆነ 4 ነው። ባለሥልጣኑ ቢያልፈው እንኳ ፊት ለፊት የሚኖረው ሰው ሰዓት ማንበብ ይችላል።

ሐቀኛው ባለግሮሰሪም ከዚህ ይጠቀማል። ልጆች ሲመጡ የሚመልስ፣ ሲመሽ የሚዘጋ፣ ግብሩን የሚከፍል ሰው ዛሬ የሚሸነፈው ይህን ሁሉ በማያደርገው ጎረቤቱ ነው። ሥርዓት በሌለበት ገበያ ጨዋነት ኪሳራ ነው። በጦርነቱ ዘመን፣ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው ንብረታቸው ሲዘረፍ፣ ከዜሮ የጀመረ ነጋዴ ብዙ ነው። ለዚህ ሰው ጥበቃ የሚሆነው እኩል የሚሠራ ሕግ ነው፤ እየመጣ የሚሄድ ግብረ ኃይል ሁሌም ስጋቱ ነው።

«በዚህ የሰላም እጦት ጊዜ ስለ ቢራ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚልም አይጠፋም። ሰላም በጠፋበት ከተማ ግን ሌሊት የሰከረ ሰው አደጋው ይበልጣል እንጂ አያንስም፤ ለራሱም፣ ለጸጥታ ኃይሉም፣ ለሰፈሩም። ሰዓት ማስከበር እንደሚቻል ደግሞ ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አዲስ አበባ ላይ የምሽት ጭፈራ ቤቶች ይዘጉ ሲባል ተዘግተዋል። ችሎታው አለ፤ የጎደለው ከፍርሃት ጊዜ ውጭ የማሰብ ልማድ ነው።

ከጎረቤት መማር

ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. የአልኮል መጠጦች ቁጥጥር ሕግ አወጣች። መጠጥ ቤቶች ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ብቻ እንዲከፍቱ ወሰነች፤ ቻንጋኣ የሚባለውን የአገር አረቄ ደግሞ ከድብቅ አውጥታ በቅድመ ሁኔታ ሕጋዊ አደረገች። በኋላ ፈቃድ መስጠቱ ወደ ካውንቲዎች ወረደ። ውጤቱ ሙሉ አይደለም። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ኪሪኛጋ ላይ በመርዛማ መጠጥ ሰዎች አልቀዋል፤ መጠጡም ተይዞ በፖሊስ ጣቢያ በኤግዚቢትነት ከተቀመጠ በኋላ ተሰርቆ የወጣ እንደነበረ ተዘግቧል። ትምህርቱ ድርብ ነው። ሕግ መጻፍ ይቻላል፤ የሚያስፈጽመው እጅ ካልታመነ ግን የተያዘውም መርዝ ተመልሶ ይሸጣል። ስለዚህ የሚወጣው ሥርዓት ተቆጣጣሪውንም የሚቆጣጠር መሆን አለበት።

ምን ይደረግ?

ነገሩ ውስብስብ አይደለም። በአማራ ክልል ምክር ቤትና በከተማ ምክር ቤቶች ሊጀመር የሚችል አምስት ነጥብ አለ።

1. አልኮል ለመሸጥ ከንግድ ፈቃዱ ተለይቶ የሚሰጥ የአልኮል መሸጫ ፈቃድ ይኑር። በላዩ ላይ የመዝጊያ ሰዓቱ፣ የሚሸጠው የመጠጥ ዓይነትና ኃላፊ የሆነው ሰው ስም በጉልህ ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ።

2. አከፋፋይ ይህን ፈቃድ ሳያይ አያውርድ፤ የፈቃዱን ቁጥር በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ጥፋት ሲገኝ ቅጣቱ ከላይ ወደ ታች ይውረድ፤ አከፋፋይ መጀመሪያ፣ ቸርቻሪ ቀጥሎ።

3. ርቀትና ብዛት በከተማዋ ምክር ቤት ይወሰን፤ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የአካባቢው ነዋሪ በስብሰባ ይጠየቅ፣ ቃለ ጉባኤውም ይፋ ይሁን። ሲታደስም እንዲሁ። ሦስት ጊዜ የተረጋገጠ አቤቱታ የቀረበበት ቤት ፈቃዱ አይታደስ።

4. የ21 ዓመቱ ሕግ መሣሪያ ይሰጠው። ቀድሞ «ዕድሜ በምን ይታወቃል?» የሚል ሰበብ ነበር። ዛሬ ፋይዳ መታወቂያ የልደት ቀን ይዞ ይዞራል። ወጣት የመሰለውን ሁሉ መታወቂያ መጠየቅ ለሻጩ መብትም ግዴታም ይሁን። የአሜሪካም የመግዣ ዕድሜ 21 ነው፤ እዚያ ሻጩ መታወቂያ የሚጠይቀው ሳያይ ከሸጠ የሚያጣው ፈቃድ ስላለው ነው።

5. ከፈቃዱ የሚገኘው ክፍያ በከተማዋ ይቅር፤ ለመንገድ መብራት፣ ለሱስ ሕክምናና ለወጣት ማዕከል ብቻ ይዋል፤ ስንት እንደተሰበሰበ በየዓመቱ በአደባባይ ይነገር።

ከእነዚህ መካከል የውጭ ብድር የሚጠይቅ የለም። አዲስ ቴክኖሎጂ የሚጠብቅም የለም። አከፋፋዩ ሳጥኑን ቆጥሯል፣ ፋብሪካው ፍሪጁን መዝግቧል፣ ገቢዎች ሊትሩን ያውቃል። ያልተቆጠረው ነገር አንድ ነው፤ በዚያ ሊትር ምክንያት ሌሊት እንቅልፍ ያጣው ቤት።

ሕግ አውጪዎች በ2011 ዓ.ም. «ልጆቻችን ይህን ማስታወቂያ ማየት የለባቸውም» ብለው እጅ አወጡ። መልካም አደረጉ። ያኔ 13 ዓመት የነበረው የደሴ ልጅ ዛሬ ወጣት ነው። ቢራን በቴሌቪዥን አላየም፤ ያየው ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሚያልፍበት በር ላይ ነው፤ ገብቶ ሲጠይቅም ተሸጦለታል። ታናሽ ወንድሙም በዚያው መንገድ እየሄደ ነው። የከተማው ምክር ቤት በሚቀጥለው ጉባኤው ስለ ኮብልስቶን፣ ስለ ቄራና ስለ ገበያ ማዕከል ይወያያል። በአጀንዳው ላይ ስለዚያ በር አንድ መስመር እንዲጨመር የሚጠይቅ የምክር ቤት አባል የሚገኝ ከሆነ፣ መራጮቹ ስሙን ያስታውሱት። የማይገኝ ከሆነም መራጮቹ ያንንም ያስታውሱ።